የዘንዶው ልክ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዶሮው ከዘንዶው ይወፍር ነበር።

ይህን ዛሬ በአንድ መስመር ልጻፈው እንጂ ያን ጊዜ ለመረዳት ስምንት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ፈጅቶብኛል። ዘመኑ 1989 ዓ.ም ነው። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ሴቻ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዘንዶውን እንደ ተቀጠርኩ ያመጣልኝ ጌታነህ የሚባል የጫኖ ቀበሌ ሙዝ ገበሬ ነው። በመስኖ ቦዩ ዳር ያገኘውን፣ ርዝመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ግልገል በቢጫ ጀሪካን ከትቶ መጣና፣ «መድኃኒት ካለሽ ግደይልኝ። እኔ በገጀራ ብመታው እናቱ ቤቴ ትመጣለች» አለኝ።

አልገደልኩትም። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ የመስታወት በር ያለው አሮጌ የመጻሕፍት ቁምሳጥን ቆሞ ነበር። መደርደሪያዎቹን አወጣሁና ዘንዶውን አስገባሁት። ተማሪዎቼ ስለ ተሳቢ እንስሳት ከመጽሐፍ ሥዕል ሳይሆን ከእሱ ይማሩ ጀመር። የግቢው ጥበቃ ጋሽ አበጋዝ «ጌታው» ይለዋል፤ በስሙ ከጠሩት ይሰማል ባይ ነው። ስለ እሱ ሲያወራም በአንቱታ ነው። «ጌታው ዛሬ ቆዳቸውን ለወጡ።» «ጌታው ውኃቸውን ደፍተውታል፤ አኩርፈዋል መሰለኝ።»

መጀመሪያ የአይጥ ግልገል በላ፣ ቀጥሎ ጫጩት። በሁለተኛው ዓመት ርዝመቱ ከእኔ ቁመት ሲስተካከል አምስት ጫጩት ባንዴ ውጦ እንደገና አንገቱን ያሰግግ ጀመር። ከዚህ ወዲያ ትልቅ ነገር ያስፈልገዋል አልኩ። ይህ ልክ ነበር። ምን ያህል ትልቅ ብሎ መጠየቅ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀኑ ደግሞ የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያልታረመ የሁለት መቶ ተማሪ ፈተና ተከምሯል። ለጋሽ አበጋዝ ብር ሰጠሁትና «ለዘንዶው ዶሮ ግዛለት» ብዬ ላክሁት።

በፋሲካ ዋዜማ ገበያ የተላከ ሰው ዶሮ እንዴት እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። ክንፉን ገልጦ ደረቱን ይዳብሳል፤ በእጁ አንጠልጥሎ ይመዝናል፤ ያስቀምጥና ከእሱ የሚበልጥ ይፈልጋል። ጋሽ አበጋዝ የሲቀላን ገበያ ሲያካልል ውሎ አንገቱ እንደ እሳት የቀላ፣ ሲራመድ መሬቱን የሚያዝዝ አውራ ዶሮ ይዞ መጣ።

«ይሄ አልበዛም?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ለትልቅ ሰው ትንሽ ዶሮ አይቀርብም። ነውር ነው።»

ከነሕይወቱ አስገባሁት። ዘንዶው ተወረወረና ጠመጠመው፤ ዶሮው ግን ከመሞቱ በፊት በእግሩ ሹል ጥፍር ከንፈሩን ሰነጠቀው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊውጠው ታገለ። ራሱ ገባ፣ አንገቱ ገባ፤ ክንፎቹ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለው። በመጨረሻ ዶሮውን በምራቅ የራሰ የላባ ጥቅል አድርጎ ተፋውና ጥጉ ውስጥ ተጠቀለለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አልቀመሰም።

ከንፈሩን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ቀባሁት፤ በሦስት ሳምንት ዳነ። ምግቡን ግን እንቢ እንዳለ ቀረ። ጫጩት ሰጠሁት፤ ራሱ ላይ ወጥቶ ሲጫወት እንኳ ዝም አለው። ጋሽ አበጋዝ በራሱ ወጪ ከሐይቅ የመጣ አሳ ይዞለት መጣ፤ ዕቃ ቤቱ ለአራት ቀን ከመሽተቱ በቀር ትርፍ አልነበረውም። ሰኔ ሲገባ የጀርባ አጥንቱ ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ ወጥቶ ይታይ ነበር።

«ጌታው የሐዋርያትን ጾም ይዘው ይሆናል» አለኝ ጋሽ አበጋዝ።

«ከፋሲካ ጀምሮ?»

«ደግ ጾመኛ ቀደም ብሎ ነው የሚጀምር።»

ሰኞ ሰኔ 9 ቀን ዳይሬክተራችን አቶ ወልደየሱስ ደብዳቤ ጻፉልኝ። በአሥር እርምጃ ርቀት ያለ ሰው ጠርተው ከመንገር ይልቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት መላክ ይወዳሉ። «ለወ/ት ምኞት። በግቢው የሚገኘው ዘንዶ በመራቡ ምክንያት ለተማሪዎች አደገኛ ሆኖ ስለተገኘና ወላጆችም ስላመለከቱ፣ እስከ ዓርብ ሰኔ 13 ቀን መብላት ካልጀመረ እንዲወገድ የተወሰነ መሆኑን እናሳውቃለን።» እንዲወገድ ማለት በጋሽ አበጋዝ ገጀራ ማለት ነው።

ቢሯቸው ገባሁ። «የተራበ ዘንዶ ከቁምሳጥን ወጥቶ ተማሪ አይውጥም» አልኳቸው። «ጫጩት መዋጥ አቅቶታል!»

«እኮ!» አሉ። «ጫጩት መብላት ያቃተውን ፍጡር ለምን ታሰቃዪዋለሽ? ወይ ይብላ ወይ ይረፍ።»

«ጫካ ብለቀውስ?»

«በዚህ አቅሙ? ወይ ራሱ ይሞታል፤ ወይ ሰው ቤት ገብቶ ይገድሉታል። እዚህ ቢሆን ይሻለዋል።»

የሚያናድደው ትክክል መሆናቸው ነበር። አልለቅም፤ አላስገድልም። ያለኝ አማራጭ እስከ ዓርብ ማብላት ብቻ ነበር።

ደብዳቤውን ኪሴ ውስጥ ጨምድጄ ከግቢው ወጣሁና ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ሸማኔ፣ ወደ ካሱ ቤት ሄድኩ። ለእናቴ ያዘዝኩትን ጋቢ ነገ ነገ እያለ ወር አልፎት ነበር፤ በአንድ ሰው ላይ መጮህ አምሮኛል።

«ጋሽ ካሱ፣ ዛሬም ነገ ነው?»

ካሱ የደጋው የገረሴ ሰው ነው። ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ ሲናገር ዓይኑ እንጂ አፉ አይስቅም። እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ጋቢሽ አልቋል። ግን አይጥ ቀድሞሽ ለብሶታል።» ከጀርባው ነጭ ጋቢ ስቦ ዘረጋው። ከአንደኛው ጠርዝ ገባ ብሎ የእንቁላል ያህል ቀዳዳ ተበልቷል።

ልጮህ የመጣሁትን ረሳሁ። «አይጥ አለ እዚህ?»

«ሸማኔ ቤት ቆመሽ አይጥ አለ ወይ ትያለሽ? ክሩን ከእኔ እኩል ነው የሚያውቁት። ደህናውን ማግ መርጠው ነው ለጎጆአቸው የሚወስዱት።»

የዘንዶውን ነገር ነገርኩት። ስለ ዶሮው ስደርስ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ዶሮውን ለካሽው?»

«በምን?»

«በምን ትላለች እንዴ! የተማረች ናት ይሉኝ የለ?» ከጎኑ ካለው ቀሰም ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ክር በጠሰና ዓይኔ ሥር ያዘው። «በዚህ ነዋ። እኔ በልጅነቴ ቆላ ወርጄ የጥጥ እርሻ ላይ ሠርቻለሁ። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ዘንዶ ነበር። መጋዘን ጠባቂው አያባርረውም፤ ከድመት ይሻላል ይላል። ቁጭ ብዬ አየው ነበር። ጅግራ በፊቱ ስታልፍ ዝም። የአይጥ ልጅ ስታልፍ ዝም። ከሆዱ ጋር የምትስተካከል አይጥ ስትመጣ ብቻ ነው የሚነሣው። እንዴት አወቀ? ልኩን ያውቃላ! ልኩን ያላወቅሽለት አንቺ ነሽ።»

ዘንዶውን በሐይቁ ዳር የአሳ ሚዛን ላይ አስቀምጬ መዝኜዋለሁ፤ ርዝመቱን በሜትር ለክቻለሁ፤ በየወሩ በሰንጠረዥ መዝግቤአለሁ። ሊውጥ የሚችለውን ውፍረት ግን አንድ ቀን አልለካሁም። ለመዋጥ ዋናው ውፍረት አይደለ?

«ተነሣና ና» አልኩት።

«አሁን?»

«ዓርብ ይገድሉታል!»

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ካሱ ቆመ። «አንቺ ዘንዶውን ያዢ፤ እኔ ክሩን እይዛለሁ። ሥራ መከፋፈል ጥሩ ነው።» ዘንዶውን አወጣሁት። ካሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክሩን በሆዱ በወፍራሙ ቦታ አዞረና ጫፉ የደረሰበት ላይ ቋጠሮ ቋጥሮ ትርፉን በጠሰው። ክሩን ማስመሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር።

«ዶሮውስ ምን ያህል ነበር?» አለ ካሱ።

ጋሽ አበጋዝ ከበሩ ሆኖ ሁለት እጆቹን አገጣጥሞ ትልቅ ቀለበት ሠራ። «ይሄን ያክላል። እጄ አይረሳም። እንዲህ ያለ ዶሮ ዳግመኛ አልያዝኩም።»

ካሱ ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ዘርግቶ አዞረው። ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ከዚያ ለመጨረሻ የገዛሁትን ጫጩት ከካርቶኑ አንስቶ ክሩን አዞረበት፤ ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

«አንዴ እንቁላል፣ አንዴ በሬ» አለ ካሱ። «እኔም ብሆን አኩርፌ እተኛለሁ።»

ጋሽ አበጋዝ እጁን አሁንም አላወረደም። «እኔ ለክብር ብዬ ነው» አለ በዝግታ።

«ክብርማ በጉሮሮ ካልወረደ ምን ያደርጋል፣ አበጋዝ?»

ካሱ የሽቦ ወጥመዱን በተጠበሰ በቆሎ አጥምዶ ቤቱ ያለው ጥጥ መሃል አስቀመጠው። ማክሰኞ ምንም አልተያዘም። እኔ በየክፍለ ጊዜው መሃል በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ እየሄድኩ ወጥመዱን አይ ነበር። «እየመጣሽ የምታስበረግጊያቸው አንቺ ነሽ» ብሎ ካሱ አባረረኝ። ረቡዕ ሦስት ተያዙ። የዶሮው ስሕተት እንዳይደገም ሦስቱንም በማስመሪያ ማጅራታቸውን መትቼ ገደልኳቸው። አይጥ ሲናከስ ከዶሮ ጥፍር አይተናነስም። ካሱ ክሩን አወጣ።

በመጀመሪያዋ ላይ ክሩ ተርፎ ተንጠለጠለ። «ይቺ ጉሮሮውን ትጠርጋለች እንጂ አታጠግበውም።» በሁለተኛዋ ላይ ጫፎቹ አልተገናኙም። «ይቺ እርጉዝ ናት፤ ታንቀዋለች።» ሦስተኛው ላይ ጫፍና ጫፍ ልክ ተገናኙ። ካሱ ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ልኩ ነው። ሂጂ።»

አይጡን ፀሐይ በመታው ቆርቆሮ ላይ አሙቄ፣ በረዥም መቆንጠጫ ጅራቱን ይዤ አስገባሁትና ከመስታወቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዘንዶው ምላሱን አወጣ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከፋሲካ ወዲህ ለምንም ነገር ሦስቴ ምላሱን አውጥቶ አያውቅም። ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩ። ራሱን ሰበሰበ። አይጡን በመቆንጠጫው ነቀነቅሁለት። ወደ ጥጉ ተመለሰ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁት። ጋሽ አበጋዝ በየሩብ ሰዓቱ አንገቱን ያስገባል፤ በመስኮቱ የተማሪ ግንባር ተደርድሯል። አይጡ ቀዘቀዘ። ሐሙስ ከወጥመዱ ሌላ ልኩን የጠበቀ አይጥ ተገኘ፤ እንደዚያው ሆነ፤ ያኛውም ቀዘቀዘ።

ሐሙስ ሳይመሽ ካሱ ወሬውን ሊሰማ መጣ። ወንበሬን፣ መስታወቱን፣ መስኮቱ ላይ የተለጠፉትን ተማሪዎች ተራ በተራ አየ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል እዚህ?»

«እንዲበላ እየጠበቅን ነው።»

«አንቺ ያሳደገሽ የለም? ሰው ሲበላ ፊቱ ቆመሽ ታያለሽ?»

«ሰው አይደለም፣ ጋሽ ካሱ።»

«እሱስ አንቺ እንደማትበይው በምን ያውቃል? ትልቅ ሰው ሲበላ በነጠላ ይጋረዳል። መጋዘን ውስጥ ያለው ዘንዶ ጥጥ ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚበላው፤ እኔም በሽንቁር ነው ያየሁት። ለዚህኛው ደግሞ መስታወት ሠርተሽለታል፤ እንደ ጌጣጌጥ።»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ዘንዶ አድፍጦ የሚያድን እንስሳ ነው፣ መሸሸጊያ ይፈልጋል። ግልገል እያለ ቁምሳጥኑ ሰፊ ስለነበር ካነጠፍኩለት ሣር ሥር ይደበቅ ነበር። አሁን አድጎ ሣሩ አንገቱን እንኳ አይሸፍነውም። ካሱ ነውር ያለውን መጽሐፉ በሌላ ቃል ጽፎታል፤ እኔ ግን አንብቤ አልሠራሁበትም።

«የቀረኝ ነገ ጠዋት ብቻ ነው» አልኩት።

«ነገ ጠዋት አይጥ ካለ ይበቃል» አለ።

ዓርብ ጠዋት አይጥ ነበረ። በአጥሩ ቀዳዳ የተቀበልኩት ከነወጥመዱ ነው፤ ገድዬ ክሩን ያዞርኩበት እኔ ራሴ ነኝ። ጫፍና ጫፍ ተገናኘ። ካሱ የተበላውን ጋቢዬን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና የቁምሳጥኑን መስታወት ከላይ እስከ ታች ጋረደበት። አይጡ በሕይወት ያለ አይጥ ያህል እንዲሞቅ ቆርቆሮው ላይ አቆየሁትና አስገባሁት። ተማሪዎቹን ከመስኮቱ አባረርኩ፤ መስኮቱንም ዘጋሁት።

ልክ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ወልደየሱስ ገቡ፤ ሱፍ ለብሰዋል፤ ከበሩ አንድ እርምጃ አላለፉም። ከኋላቸው ጋሽ አበጋዝ ገጀራውን እንደ ሬሳ ተሸክሞ ቆሟል። እኔን አላየኝም።

«እ? በላ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ሊበላ ነው።»

«ምኞት፣ ሊበላ ነው እያልሽኝ ስምንት ሳምንት ሞላ። ይሄ ጨርቅ ደግሞ ምንድን ነው? ሞቶ ሸፍነሽው ነው? እኔ በዓይኔ ካላየሁ አልቀበልም።»

«ያያሉ» አልኳቸው። «ግን አይታዩም።»

ካሱ በጣቱ ጋቢው ላይ ያለውን የአይጥ ቀዳዳ አሳያቸው። ቀዳዳው ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። አቶ ወልደየሱስ ቀዳዳውን አዩ፤ ሱሪያቸውን አዩ፤ ጋሽ አበጋዝን አዩ። ከዚያ የሱሪያቸውን ጉልበት ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ተንበረከኩና አንድ ዓይናቸውን ከጋቢው ላይ ገጠሙ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ምንም አይታየኝም፤ የሚታየኝ የዳይሬክተሩ የጫማ ሶል ብቻ ነው።

«ምን ያደርጋሉ ጌታው?» አለ ጋሽ አበጋዝ በሹክሹክታ።

«ዝም በል!» አሉ ዳይሬክተሩም በሹክሹክታ። «ምላሱን አወጣ... ደግሞ አወጣ። ራሱን አዞረ። መጣ... እየመጣ ነው...»

ከጋቢው ጀርባ እንጨት የተመታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። አቶ ወልደየሱስ ወደ ኋላ ሊወድቁ ደርሰው በሁለት እጃቸው መሬቱን ያዙ፤ ዓይናቸው ግን ከቀዳዳው አልተነሣም።

«ያዘው! ምኞት፣ ያዘው! ጠመጠመው!»

«ይዋጠው እንጂ» አልኩ። መያዝማ ዶሮውንም ይዞት ነበር።

«ቆይ... ፈታው። ያሸተዋል። በራሱ በኩል... አዎ፣ በራሱ በኩል ጀመረ። ራሱ ገባ። አንገቱ ገባ...» ጋሽ አበጋዝ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ስለ ዶሮው ክንፎች ነበር የማስበው። «ትከሻው... ትከሻው... አለፈ! ትከሻው አለፈ! ጅራቱ ብቻ ነው የቀረው! ጅራቱም... ሄደ! በላው እኮ!»

ጋሽ አበጋዝ «እልልል!» ሊል ጀምሮ በእጁ አፉን ያዘ። ካሱ ክሩን በጣቱ ላይ እያጠነጠነ ጥርሱን አሳየ፤ አፉ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ በጋቢው ጠርዝ በኩል አየሁ። የዘንዶውን አንገት አልፎ ወፈር ያለ እብጠት ወደ ሆዱ እየተንሸራተተ ነበር፤ ያለ ችግር፣ ልኩን ሆኖ። ራሱን ቀና አድርጎ ሰፊ አፉን አንዴ ከፍቶ ዘጋና መንጋጋውን አስተካከለ። ከዚያ ምላሱን እንደገና አወጣ። ሌላ ይፈልጋል።

«ደብዳቤዎስ?» አልኳቸው ዳይሬክተሩን።

«የምን ደብዳቤ?» አሉ፤ ዓይናቸው እዚያው ቀዳዳው ላይ ነው። «አበጋዝ፣ ያንን ገጀራ ከዚህ አውጣልኝ፤ ያስደነግጠዋል። ምኞት፣ ቀጣዩ መቼ ነው የሚበላው?»

«ከአሥር ቀን በኋላ። ልኩ ሲጨምር ክሩም ይጨምራል።»

«ክሩ እኔ ቢሮ ይቀመጥ።»

«ክሩ እኔ ጋ ነው የሚቀመጥ» አልኩና ከካሱ ጣት ላይ ፈትቼ ወሰድኩት።

«ጋቢሽስ?» አለ ካሱ።

«እዚሁ ይሁን። ለእናቴ ሌላ ሥራላት፤ ነገ እፈልገዋለሁ።»

«ነገ!» አለና ጣሪያውን አየ።

ደወል ተደወለ። አሥራ አንደኛ ‹ለ› እየጠበቀኝ ነው፤ ስለ መለካት የማስተምረው ነገር አለኝ። አቶ ወልደየሱስ አሁንም ተንበርክከዋል፤ ከሱፋቸው ጉልበት ላይ አቧራ ማራገፍም ትዝ አላላቸውም። ክሩን ኪሴ ውስጥ፣ ከተጨማደደው ደብዳቤ አጠገብ ከተትኩና ወጣሁ። ዘንዶው እንዳይረበሽ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።